በእጄ ቀበርኩት

ትናንት ፍኖተ ሰላም፣ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ከወንድሜ ጋር የዘመተው ጓደኛው እናቴ ፊት ተንበረከከ። «በእጄ ነው የቀበርኩት፣ እማማ። ቤተ ክርስቲያን ነው ያረፈው፤ ፍትሐትም ተደርጎለታል» አላት። ይህን ሲል የምንጣፉን ክር ይመዛል። ቀና አላለም።

አያቴ ትዝ አሉኝ። ልጆች ሳለን ነው፣ ቡሬ፣ በርበሬ ከተሰጣበት ደጃቸው። እኛ በትምህርት ቤት ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያልነውን እሳቸው የጣሊያን ጊዜ ይሉታል። የቡሬን ምሽግ ሲያጠቁ ታላቅ ወንድማቸው አጠገባቸው ወደቀ።

«እናቴን ቀበርኩት አልኳት» አሉን ቀና ሳይሉ። «አልቀበርኩትም። ተኩሱ ሲበረታ ትቼው ሮጥኩ። እሷ ግን በዚያች ቃሌ ተጽናንታ ሞተች።»

ወንድሜ ሣቀና በትከሻው ገፋ አደረገኝ። «እኔ ይሄን ከሲታ አዝዬው እመጣለሁ እንጂ አልተወውም!»

«ዝም በል አንተ! የሞተ ሰው ክብደቱን የት ታውቅና!» አሉት አያቴ።

ዛሬ ጠዋት ጓደኛውን እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። እናቴ መቃብሩ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቀው ብላኛለች። እኔ ልጠይቀው የፈለግኩት ሌላ ነው። እውነት ቀበርከው? ልል አፌን ከፈትኩ፤ ደግሞ ዘጋሁት። አውቶቡሱ ተነሣ። ምንም አልጠየቅኩትም።

ስመለስ እናቴ በር ላይ ቆማለች።

«በየት በኩል ነው አለህ?»

«በምሥራቅ በኩል» አልኳት። «ከትልቅ ወይራ ሥር።»

«እንግዲያ ጥላ አለው» አለች።