ከእሑድ በፊት የተጻፈ ስም

ታውኖ ኩርኬላ በየጠዋቱ መሮዎቹን ይስልና በዕለቱ የሚቀርጻቸውን ስሞች ከነቤተሰብ ስማቸው ጮክ ብሎ ያነባል። የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነው። በአርባ ዓመት ውስጥ ከቤተሰብ ስም ጋር የማይሄድ ስም ብዙ አይቷል፤ ቅሬታ ያቀረበ ባለድንጋይ ግን የለም።

ግቢውን የምትጋራው ልጁ ሳይላ ወንድ በወለደች በሁለተኛው ወር ምክር ፍለጋ ወደ እሱ መጣች። ሕፃኑ የሚይዘው የእሷን ቤተሰብ ስም ነው። የሕፃን ስም እስከ ክርስትናው ቀን ለማንም ስለማይነገር እስካሁን «ሰውዬው» እየተባለ ነበር። ሳይላ ያሰበችው ካውኮን ነው። ታውኖ «ካውኮ ኩርኬላ» ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበና በጣሳ ውስጥ የሚንኳኳ ጠጠር ይመስላል አላት።

«እንግዲያው አርቪ» አለች። «ግን አባዬ፣ ከእሑዱ ክርስትና በፊት ሰው ከሰማው እቀይረዋለሁ። አገር ሲያላምጠው የከረመ ስም ለልጄ አልሰጥም።»

አርቪ ከሐይቁ ማዶ ብቻውን የሚኖር የታውኖ ታላቅ ወንድም ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ልጅ የለውም። ታውኖ ስሙ እንዲቀየር አልፈለገም፤ ይህን ግን ለሳይላ አልነገራትም።

ስም መስማማቱን የሚያረጋግጥበትን አንድ መንገድ ብቻ ያውቃል። ግራጫ ድንጋይ አቆመ፤ በጠመኔ «አርቪ ኩርኬላ» ብሎ ጻፈና ራቅ ብሎ አየው። ጥሩ ነበር። ሳያጠፋው ምሳ ሊበላ ገባ።

ድንቹን ሳይጨርስ በመስኮት የጎረቤቱን የሄልቪን ባንዲራ አየ። የምሰሶው እኩሌታ ላይ ተሰቅሏል፤ በመንደሩ እንዲህ የሚሰቀለው ሰው ሲሞት ነው። ተነሥቶ ሄደ።

«ነፍስ ይማር» አለችው ሄልቪ። «ድንጋዩን አየሁት። መቼ ዐረፈ?»

«አልሞተም።»

«ታዲያ ስሙ ምን ይሠራል?»

ታውኖ የሳይላን ቃል አስታወሰ። «ቀደም ብሎ አዝዞ ነው።»

ሄልቪ ከእናንተ ቤት እንዲህ ያለ ጥንቃቄ አልጠበቅሁም ብላ ባንዲራውን ልታወርድ ሄደች። አርቪ ግን ከማዶ አይቶት ጀልባውን እየቀዘፈ ነበር። ሲደርስ ሞተ የተባለው ማን እንደሆነ የነገረችው ራሷ ሄልቪ ናት፤ እንኳን ተረፍክ ብላ ጨመረችለት።

አርቪ ወደ ታውኖ የድንጋይ መጥረቢያ ቤት ገባ።

«ድንጋይ አዝዣለሁ አሉ።»

«አዎ» አለ ታውኖ።

«የልደት ዓመት የለውም።»

ታውኖ መሮ አንሥቶ መሳል ጀመረ።

«አንተ ዓመት ረስተህ አታውቅም።» አርቪ በበሩ በኩል ሳይላ ያሰጣችውን የሕፃን ልብስ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። «እሺ» አለ። «አዝዣለሁ።»

እስከ እሑድ አራት ቀን ነበረ። ሱቅ ውስጥ አርቪን ምን አሳሰበህ ብለው ጠየቁት፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሳትጠራ ቤቱ ድረስ መጥታ የደም ግፊቱን ለካች። ለሁሉም የሰጠው መልስ አንድ ነው፦ ግራጫ ድንጋይ ቆሻሻ አያሳይም።

እሑድ ቄሱ የሕፃኑን ስም ጠሩ። ሄልቪ ከፊተኛው ወንበር ዞር ብላ አርቪን አየችው። አርቪ የመዝሙር መጽሐፉን ይገልጥ ነበር። ከሰዓት በኋላ ባንዲራዋ ለደስታ እስከ ምሰሶው ጫፍ ወጣ።

ሰኞ ጠዋት አርቪ እንደገና ቀዝፎ መጣ። የጠመኔውን ጽሑፍ እንዳያጠፋው ለታውኖ ነገረውና የራሱን የልደት ዓመት በወረቀት ጽፎ ሰጠው።