የጓደኛዬን ቆብ ያደረግኩ ለታ

ጦሩ ተበትኖ ከተመለስን አራት አምስት ዓመት ሆኖናል። እኔ ቦሌ መንገድ የአንድ ሆቴል በር እጠብቃለሁ፤ ቤቴ ገርጂ ነው። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ መጣና፣ «ጋሼ፣ ወታደር ነበሩ አሉኝ። ስለ ቀድሞ ወታደሮች ፊልም ልንሠራ ነው፤ ይተባበሩናል?» አለኝ። ፊልም ማየት አውቃለሁ፣ መታየት ግን አላውቅም። እሺ አልኩት።

ገርጂ አንድ ባዶ ግቢ ውስጥ ሰበሰበን። ስምንት ነን፣ ሁላችንም የጦር ሰዎች። ያው ጎልማሳ፣ የፊልሙ አዘጋጅ፣ ወረቀት ይዞ ብሔራችንን እየዞረ ይጠይቃል። ፊልሙ ላይ ሳይታይ የሚቀር ሕዝብ እንዳይኖር ነው አለን። ሐሳቡ ደግ ነው፤ እኛ ግን ግራ ተጋባን። አጠገቤ ያለው ሰውዬ፣

«እኔ መድፈኛ ነኝ» አለ።

«እሱን አይደለም ጋሼ።»

«ሌላማ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም!»

ሳቅን። ተራዬ ደረሰ። አባቴ ከአንዱ፣ እናቴ ከሌላው ናቸው፤ የማንን ልጥራ? አዘጋጁ ወረቀቱን አየና፣ «የወሎ ሙስሊም ጎድሎናል፣ እርስዎ ይሁኑ» ብሎ ነጭ ቆብ አጠለቀልኝ። ክርስቲያን ነኝ ስለው፣ «ትወና እኮ ነው» አለኝ።

«ሐጂ! ሐጂ መጡ፣ ተነሱ!» እያሉ ቀለዱብኝ። እኔ አልሳቅኩም። ምሽግ ውስጥ ሦስት ዓመት አብሮኝ የኖረ የወሎ ሙስሊም ጓደኛ ነበረኝ። እዚያው ቀረ። ሚስቱ ላምበረት ትንሽ ሱቅ አላት። ከግቢው ስመለስ ጎራ ብዬ የፊልሙን ነገር ነገርኳት። ሚዛኗን አስቀመጠችና፣ «ወንድሜ፣ እንደ እሱ አድርገህ ሁንልኝ። ልጆቹ አያውቁትም፤ በዚህ ነው የሚያውቁት» አለችኝ።

የቀረጻው ቀን ትልቅ ትሪ ሙሉ ጥብስ ከቂጣ ጋር መጣ። አዘጋጁ፣ «አሁን ክርስቲያን ሙስሊም ሳትሉ ሁላችሁም ከአንድ ትሪ ትበላላችሁ» አለ።

«እሱስ አይበላም» አልኩ።

«ማን ነው እሱ?»

ነገርኩት። በበዓል እኛ በሬ አርደን ስንበላ፣ ጓደኛዬ እዚያው እሳቱ ዳር ቂጣውን በበርበሬ ይበላ ነበር። ለአረፋ እነሱ ፍየል ሲያርዱ ደግሞ ቂጣችንን ይዘን አጠገባቸው የምንቀመጠው እኛ ነን። የሚለየን ሥጋው ነው እንጂ ውሃው ከአንድ ኮዳ ነበር። የተቀየመ ሰው አላየሁም።

አዘጋጁ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ጋሼ፣ ይገባኛል። ግን ሰው ሲያየው ተለያይተው ነበር ነው የሚለው።»

ምናልባት ልክ ነው። አዘጋጁ አንድ ነበሩ ብሎ ሊያሳየን ነው የሚደክመው። ሥጋው ክርስቲያን ያረደው ነው፤ እኔ ብበላው ምንም የለበትም። ራሴ ላይ ያለው ቆብ ግን የጓደኛዬ ነው። እኔ ብጎርስ ማን ጎረሰ ሊባል ነው?

«ቀረጻ!» ተባለ።

እጄ ወደ ትሪው ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። መድፈኛው አየኝ። ከትሪው ጥግ ሥጋ ያልነካው ቂጣ ቆረሰና በርበሬ አስነክቶ አጎረሰኝ። ምሽግ ውስጥ እንደዚያ ነበር የምናደርገው።

አዘጋጁ አስቆመን። «ለምን አልበሉም ጋሼ?»

«በላሁ እኮ!»

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ስለሆነ እንዲሁ ተወው።

ፊልሙ ቦሌ አንድ አዳራሽ ሲታይ የጓደኛዬን ሚስት ይዣት ሄድኩ። ያ ቦታ መጣ። ትሪው፣ እጅ፣ እጅ፣ እጅ፤ ከዚያ የእኔ ፊት ቆቡን አድርጎ ሲያላምጥ። ወዲያው አለፈ። መድፈኛው ሲያጎርሰኝ ግን ተቆርጦ ወጥቷል።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ምንድን ነው የሚያላምጠው?» አለችኝ።

«ቂጣ።»

«ሥጋ አይደለም?»

«ቂጣ ነው እንጂ፤ እኔው አይደለሁ እንዴ የበላሁት!»

«አንተማ ታውቃለህ። ያየው ሰው ግን ሥጋ ነው የሚለው።»

እውነቷን ነው። ሰዉ ያጨበጭባል፤ አዘጋጁ ከፊት ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያመሰግናል። ልቆጣው አልቻልኩም፣ ላመሰግነውም አልቻልኩም።

ታክሲ ስንጠብቅ ሻሿን አስተካከለችና፣ «ነገ ቤት ና። ቂጣ መሆኑን አንተው ለልጆቹ ንገራቸው» አለችኝ።

በማግስቱ ሄድኩ። ልጆቹ ፊቴ ተደርድረው ተቀመጡ። ከበሬው ልጀምር ከፍየሉ? አብረን ከጠጣንበት ኮዳ ጀመርኩላቸው።