ወድቆ የማያውቀው ሾፌር

አኒዚዮ ሃያ ሁለት ዓመት በሽተኛ ሲያመላልስ ከሆስፒታሉ ደጅ አልፎ ገብቶ አያውቅም። ከትንሿ ከተማ ከቫርጄም ፉንዳ ሆስፒታሉ ወዳለበት ወደ ሞንቴስ ክላሮስ፣ ሦስት ሰዓት መሄጃ፣ ሦስት ሰዓት መመለሻ፣ የማዘጋጃ ቤቱን ነጭ ሚኒባስ ይነዳል። ሰዎቹን ያወርዳል፤ ከዚያ ከማንጎው ጥላ ሥር ወንበሩን ወደ ኋላ ለቆ ታክመው እስኪወጡ ይጠብቃል። ከመሪው ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ዛሬ ግን ስሙ የተጠራው ውስጥ ነው።

በሽታው የልጅነቱ ነው። በጭቃው ቤት ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የሚውል፣ ሌሊት የተኛ ሰው ፊት ላይ ስለሚወጣ «ፂም ላጪው» የሚሉት ትኋን ቻጋስ የሚባለውን ልብ የሚጎዳ በሽታ ደሙ ውስጥ ጥሎበት ሄደ። ሃምሳ ዓመት ዝም ያለ በሽታ። ታላቅ ወንድሙን የወሰደው እሱ ነው፤ ምንም ሳያመው፣ በቆሎ እየኮተኮተ ወደቀ፣ በዚያው ቀረ። የአኒዚዮን ልብ በከተማቸው ጤና ጣቢያ በአልትራሳውንድ ሲያዩት ጉልበቱ ብዙም አልቀነሰም ነበር። እዚያ ለምርመራ የምትመላለሰው የልብ ሐኪም ዶክተር ታይና ግን ደረቱ ላይ አስራው በነበረው የልብ ምት መቅጃ ልቡ አልፎ አልፎ በሩጫ እንደሚመታ አይታ ኤምአርአይ አዘዘችለት።

በጠባቡ ዋሻ ውስጥ አንድ ድምፅ አየር ይሳቡ፣ ይያዙ፣ ይተንፍሱ ይለዋል። ማሽኑ ያንኳኳል፣ ያንኳኳል። እሱም መንገድ ላይ የሚያዜማትን በሆዱ ያዜማል፦

ሁሉንም አድርሼ እኔ ደጅ ቀረሁኝ፣
ግባ ሲሉኝ ደግሞ መንገዱ ራቀኝ።

ከሰዓት በኋላ ዶክተሯ ምስሉን አሳየችው። ምስሉን እንዲያጎላ በክንዱ የሰጡትን መድኃኒት ጤነኛው ሥጋ አሳልፎታል፤ ጠባሳው ግን ይዞ አስቀርቶታል፤ በልቡ ጀርባ በኩል፣ እንደ ደረቀ ወንዝ የነጣ መስመር። የልብ ኤሌክትሪክ እዚያ ሲደርስ መንገድ ይስታል፣ እየዞረም ይጋልባል አለችው። ራሱን ስቶ ካላወቀ ለጊዜው በመድኃኒት ትከታተለዋለች። ስቶ ከሆነ ግን የሳተ ልብ የሚመልስ መሣሪያ ደረቱ ውስጥ ይገባል፤ ሰው ጭኖ መንዳትም ያበቃል።

«ምስሉ ይህን ነገረኝ። ቀሪውን የሚነግሩኝ እርስዎ ነዎት።»

«ወድቄ አላውቅም» አላት።

ውሸት አልነበረም። በእነሱ አገር ራሱን ሳተ የሚባለው ሰው መሬት ሲመታ ነው። በሰኔ፣ ከድልድዩ በፊት ባለው ኩርባ ላይ ዓለም ሲጨልምበት እሱ ቁጭ ብሎ ነበር፣ ቀበቶው ይዞት። ያየችው ከጎኑ የነበረችው ሌዮካዲያ ብቻ ናት፤ የልጁ ክርስትና እናት፣ በሳምንት ሦስቴ ኩላሊቷን የምታሳጥብ። መሪውን አፈፍ አድርጋ መለሰችው። ለማንም አልተነፈሰችም፤ ከዚያ ወዲህ ግን የፊት ወንበሩን ለሰው አትለቅም፣ መንገዱን ሙሉም ወሬዋን አታቋርጥም።

ሲወጣ ሁሉም ተሳፍረው ይጠብቁታል። ሌዮካዲያ የታሰረ ክንዷን ታቅፋ ፊቷ አመድ መስሏል። ምን እንዳሉት ጠየቀችው፤ ነገራት።

«እውነትህን ነው አበልጄ፣ አልወደቅህም» አለችው ዓይኗን ሳትገልጥ። «ዛሬ ግን ክንዴ መሪ አይዝም። ገደል የምትከተን ከሆነ ጠዋት በነገርከኝ፤ አራት ሰዓት ሙሉ ደሜን ባላሳጠብኩ።»

አኒዚዮ ከመሪው ኋላ ተቀመጠ። የኋላውን መስታወት አየ፤ አሥር የደከሙ ራሶች። ሞተሩን ሳያስነሳ ወረደ፤ ደረጃውን እያረፈ ወጣ፣ የዶክተሯን በር አንኳኳ።

«ቁጭ ብዬ ነው» አላት። «ቁጭ ብዬ ጨልሞብኛል።»

ዶክተሯ ብዙ አልጠየቀችውም። ዛሬውኑ አልጋ እንዲይዝ አዘዘች፤ ማዘጋጃ ቤት ደውላም ሌላ ሾፌር አስጠራች።

ሦስት ሰዓት መጠበቅ እንዳለባቸው ለሰዎቹ ራሱ ሄዶ ነገራቸው። ማንም አልተቆጣም፤ ለቁጣም ጉልበት ያስፈልጋል። ቁልፉን ለሌዮካዲያ ሰጣት።

«ሁለተኛው ማርሽ ይከብዳል በይው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አለና ገባ።