ከውሻ ነጻ

ቤታችን ሰው በተሰበሰበ ቁጥር፣ ክርስትናም ይሁን ምርቃት፣ ከምሳ በኋላ የሚነሳ አንድ ወሬ አለ። የምታነሳው የባሌ እህት ናት። «ሙሽራችን እንግሊዝኛ አንብባ ለልጆቹ የውሻ ሰፈር የመረጠችላቸው ጊዜ!» ትላለች፤ ሰው ይስቃል። እኔም ሳህን እየሰበሰብኩ ፈገግ እላለሁ። ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ ፈገግ ብያለሁ። ነገሩ ግን እንደዚያ አልነበረም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እሷ የምትበልጠኝ በሦስት ዓመት ብቻ ነው። ሆኖም ከሠርጌ ቀን ጀምሮ አንቱ እንድላት ተደርጓል፤ እሷ ደግሞ ሁለት ልጆች ከወለድኩም በኋላ «ሙሽራዬ» ማለቷን አልተወችም። ስናገር አንቱ እላታለሁ። እዚህ ላይ ግን «እሷ» ናት፤ ወረቀቱ የእኔ ነው።

ያኔም እንደ አሁኑ የምንኖረው ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ የሚባል ሰፈር፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ልጄ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ ወንድሟ ሦስት። በዚያ ዓመት በብርዱ ወራት አሊቬተር ውስጥ የጎረቤት ውሻ ዘሎ የልጄ ደረት ላይ ወጣባት። አልነከሳትም። ባለቤቱም «መጫወት ፈልጎ ነው» አለ። ልጄ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አሊቬተር አልገባም አለች። ጠዋት ዘጠኝ ፎቅ በደረጃ እንወርዳለን፣ ከሰዓት ዘጠኝ ፎቅ እንወጣለን። እኔ ትንሹን ታቅፌ፣ እሷ የካፖርቴን ቀበቶ ይዛ ደረጃውን ትቆጥራለች። ሃያ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ አማርኛው ያልቅባትና በእንግሊዝኛ ትቀጥላለች። ያኔ ጉልበቴን ያመኝ ነበር፤ ዛሬ ያንን ቁጥር ለመስማት ብዬ ብቻ ብወጣው ደስ ይለኛል።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል «ሰመር የምታሳልፉበትን ቦታ ሣሉ» ተብለው ነበር። የእኔ ልጅ በረንዳችንን ሣለች። የልብስ ማድረቂያውን ገመድ ሳይቀር ሥላዋለች። ሥዕሉን ፍሪጅ ላይ ለጥፌ ለባሌ አሳየሁት። እሱ ያኔ ኢቶቢኮ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። በሳምንቱ አንድ የሥራ ጓደኛው ካምፐርቫኑን ለአንድ ሳምንት ሊሰጠን መሆኑን ነገረኝ። ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና ትንሽ ፍሪጅ ያለው አሮጌ መኪና ነው። ትንሹ ልጄ ባየው ጊዜ «ቤቱ ጎማ አለው!» ብሎ ዙሪያውን ሮጠ።

ልጄ ግን አልሮጠችም።

«እዚያ ውሻ አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ውሻ ካለ አልሄድም።»

«የለም አልኩሽ እኮ።»

«ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ።»

ቃሌን ሰጠሁ። ስለዚህ ቦታውን እኔው ራሴ መምረጥ ነበረብኝ። ከላይብረሪ መኪና አቁሞ የሚታደርባቸውን ፓርኮች መጽሔት አመጣሁ፣ አንድ ደብተር ያዝኩ። ትንሹ መኪና ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ያስመልሰዋል፤ ስለዚህ ሩቅ ያሉትን ሰረዝኩ። ውሃ ሲያይ ይሮጣል፤ ስለዚህ ከሐይቁ ዳር ፈንጠር ያለ፣ ሐይቁም አሸዋማና ጥልቀት የሌለው እንዲሆን ፈለግሁ። መጸዳጃው በእግር የሚደረስበት፣ ግን ሽታው የማይደርስበት። ለፍሪጁ የኤሌክትሪክ መሰኪያ ያለው። ዥዋዥዌ ያለው። ቀኑም ፍልሰታ ሳይገባ፣ በሐምሌ መጨረሻ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ ፓርክ ቀረልኝ። ካርታውን ፕሪንት አድርጌ ደብተሬ ላይ ለጠፍኩት። በካርታው አንደኛው ጥግ ያለው ክፍል «ፔት ፍሪ» ይላል። እሱን በእርሳስ ከበብኩት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የባሌ እህት መጣች። ስልክ ደውላ ቡክ የምታደርገው እሷ ነበረች፤ የእሷ እንግሊዝኛ የቢሮ ነው፣ የእኔ የወጥ ቤት። አብራንም ልትሄድ ነው። መነጽሯን አድርጋ ደብተሬን ሳበችው።

«ፔት ፍሪ…» ብላ ቀና አለች። «ሙሽራዬ! ይሄ እኮ ውሻ በነጻ የሚለቀቅበት ነው። ፍሪ! ነጻ! መርጠሽ መርጠሽ ከውሻ መሃል ልታሳድሪን ነው?»

ባሌ ሳቀ።

«እትዬ፣ እኔ የምሠራበት ሹገር ፍሪ ሲሉ ስኳር የሌለው ማለታቸው ነው» አልኳት። የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ነበር። ለስኳር በሽተኞቹ ጄሎ የሚባለው ጣፋጭ በሚሄድበት ትሪ ላይ ሁሉ ያ ቃል ተጽፏል።

«እሱ ምግብ ነው፤ ይሄ ቦታ ነው። ጄሎ እያቀረብሽ እንግሊዝኛ ቻልኩ አትበይ እንጂ።»

«ተያት እትዬ፣ አንቺ ካልሽ አለቀ» አለ ባሌ።

ላጲስ አነሳችና ክቤን አጠፋች። ከዚያ ሌላ ክፍል ላይ ትልቅ ክብ አደረገች፤ በእስክሪብቶ። ፔት ፍሪ የሚል ያልተጻፈበት ላይ። እኔ ሻይ ልጨምር ተነሳሁ።

ለማንም ሳልነግር ዐሥራ አራት ዓመት የያዝኩት ከዚህ የሚቀጥለውን ነው። ማግስቱን ሥራ ቦታ አለቃዬን ጠየቅኋት። «ፔት ፍሪ? እንስሳ የማይገባበት ማለት ነው» አለችኝ። በእኛም አማርኛ እኮ ከበሽታ ነጻ ስንል በሽታው ተለቆ ይዞራል ማለታችን አይደለም። ልክ ነበርኩ። እስክንሄድ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። አንድ ስልክ ብደውል ይበቃ ነበር። አልደወልኩም። «እስቲ ትድረስና በዓይኗ ትየው» አልኩ በሆዴ። የሳቁት ሁለቱም እዚያው እንዲያፍሩ ፈለግሁ። ስለ ልጄ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አስቤያለሁ። በር ላይ ስንደርስ እናገራለሁ፣ ልጅቷ አንድም ውሻ ሳታይ እንዛወራለን ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

የሄድንበትን ቀን ግን እወደዋለሁ። እሷ ፊት ከባሌ ጎን ተቀመጠች፤ እኔ ኋላ ከልጆቹ ጋር። ከቶሮንቶ እስክንወጣ ሙቀት ነበር፣ ከዚያ ነፋስ ገባ። መሳቢያው ውስጥ ማንኪያዎቹ ይንጫጫሉ። የመጋረጃው አበባ በፀሐይ ደብዝዟል። ትንሹ ግራ ጭኔ ላይ፣ ትልቋ ቀኝ ትከሻዬ ላይ ተኝተው፣ እጄ ደንዝዞ እንኳ አልተንቀሳቀስኩም። ብዙ ነገር የተሰጠኝ ሰው አይደለሁም፤ ያ ሁለት ሰዓት ግን ተሰጥቶኛል።

ፓርኩ በር ላይ አረንጓዴ ሸሚዝ የለበሰች ወጣት ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብላ የቤት እንስሳ ይዛችሁ እንደሆነ ጠየቀች። የባሌ እህት በባሌ በኩል አንገቷን አሰገገች።

«ኖ! ኤንድ ዊ ዶንት ዋንት ፍሪ ፔትስ!»

ነጻ ውሾች አንፈልግም ማለቷ ነው። ወጣቷ ግራ ገብቷት «ኦኬ» አለችና ወረቀቱን ሰጠችን። የምናገርበት ጊዜ ያ ነበር። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ቦታችን ደርሰን የጣድኩት የሻይ ውሃ ሳይፈላ አምስት ውሻ ቆጠርኩ። በግራችን ሁለት፣ በቀኛችን አንድ ጥጃ የሚያክል፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ሁለት ትንንሽ ጯሂዎች። ልጄ አንድ እግሯን አውጥታ ነበር። መለሰችው። በሩን ከውስጥ ሳበችና በመስኮቱ አየችኝ።

«እማዬ፣ ፕሮሚስ አድርገሽ ነበር።»

ከአፌ ቃል ሳይወጣ የባሌ እህት መለሰችላት። «ምን ታድርግ እናትሽ፣ እንግሊዝኛው አሳሳታት። ደብተር ይዛ ስትመርጥ የከረመችው እሷ አይደለችም?»

ባሌን አየሁት። ጎንበስ ብሎ ጎማ ያያል። ጎማው ምንም አልሆነም።

ደብተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የጠፋው የእርሳስ ክብ ገና ይታያል። አውጥቼ ማሳየት እችል ነበር። ግን ያንን ካወጣሁ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ታዲያ እያወቅሽ ለምን አልተናገርሽም? ልጄም በመስኮቱ ትሰማለች። ስለዚህ ስህተቱን ወሰድኩ። ወሬው የተወለደው እዚያ ነው፤ እኔው ዝም ብዬ አሳደግሁት።

ልጄ ሁለት ቀን ከመኪናው አልወረደችም። መጸዳጃ ስትፈልግ የስድስት ዓመት ልጅ በአንሶላ አዝዬ ነበር የምሄደው። እግሮቿ ጉልበቴን ይመቱኛል። ፊቷን አንገቴ ሥር ደብቃ ትጠይቀኛለች።

«አሁን አለ?»

«የለም።»

«አሁንስ?»

«የለም።»

አጠገባችን ያ ጥጃ የሚያክለው ተጋድሞ ያየናል። ትንፋሿ አንገቴን ያሞቀዋል። በኋላ ብዙ ዓመት ብርድ በመታኝ ቁጥር ያንን ቦታ በእጄ እነካለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ለምን ዝም ብዬ አሳለፍኩት? የባሌ እህት «ተሳስቻለሁ» እስክትል እየጠበቅሁ ነበር። ወንበሯን ዛፍ ሥር ዘርግታ ብርቱካን ትልጥ ነበር እንጂ አላለችም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ልጄ በመስኮቱ ወንድሟ አሸዋ በባልዲ ሲያመጣ እያየች «እዚህ ውስጥ አምጣልኝ» ስትለው ሰማሁ። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ እስከ ፓርኩ በር ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

«ፔት ፍሪ ፕሊስ» አልኳት አረንጓዴ ለባሿን። እንዳትሳሳት ብዬ ጨመርኩበት። «ላይክ ሹገር ፍሪ። ኖ ሹገር። ኖ ዶግ።»

ሳቀች፤ ግን እንደ ባሌ ሳቅ አልነበረም። አዲስ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችኝ።

ተዛወርን። ባሌ ነዳ። እህቱ «ዕድላችን ነው፣ በዚህ በኩል ውሻ አልመጣም» አለች። ልጄ ግራ አየች፣ ቀኝ አየች፣ ወረደች። የመጀመሪያውን መንገድ እጄን ይዛ፣ ሁለተኛውን ብቻዋን ሐይቁ ድረስ ሮጠች። ሦስት ቀን ቀርቶን ነበር። ፀጉራቸው ውስጥ የገባው አሸዋ እስከ መስከረም ከትራሳቸው ላይ ይራገፍ ነበር፤ እኔም ቶሎ ባያልቅ እል ነበር። በዚያ ዓመት ትምህርት ሲከፈት የሣለችው ጎማ ያለው ቤት ነው።

ባለፈው ሰመር ልጄ፣ አሁን ሃያ ዓመቷ ነው፣ ወንድሟንና ጓደኞቿን ይዛ ካምፕ ልትሄድ እኛ ቤት ምሳ ላይ ስልኳን ከፍታ ቦታ ትመርጥ ነበር። የባሌ እህትም አለች።

«እናትሽን አታማክሪያትማ!» አለች እሷ። «የውሻ ሰፈር ትመርጥልሻለች!»

ልጄ ሳቀች። «እማዬ፣ አንቺ ከዚህ ጉዳይ ውጪ!»

የእሷን ሳቅ ለምጄዋለሁ። የልጄን ግን አልቻልኩም። ጓዳ ገብቼ ደብተሩን አመጣሁና የተለጠፈውን ካርታ ገለጥኩት።

«ፔት ፍሪ ላይ የከበብኩት እኔ ነኝ። ያጠፉት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ። ላጲሱ እንኳ ይታያል።»

ባሌ ቴሌቪዥኑን ያይ ጀመር። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም።

እሷ መነጽሯን አደረገች። ረጅም ጊዜ አየችው። «እና አውቀሽ ከነበረ፣ ሙሽራዬ፣ ለምን ዝም አልሽ?»

ዐሥራ አራት ዓመት የፈራሁት ጥያቄ ይህ ነው። መልሱን የነገርኩት ግን ለእሷ አይደለም፤ ወደ ልጄ ዞሬ ነው። «እንዲያፍሩ ብዬ ነው። አውቅ ነበር።»

ልጄ ስልኳን አስቀመጠች።

«ሁለት ቀን እኮ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ሁለት ቀን።»

ልጄ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ ልሸኛት ተከተልኳት። አሊቬተሩ መጥቶ በሩ ተከፈተ። ባዶ ነበር፤ ሰውም ውሻም የለበትም። እሷ አሁን ውሻ አትፈራም፣ የጓደኛዋን ውሻ በእጇ ታበላለች። ግን አልገባችም። በሩ እስኪዘጋ ቆመች።

«በደረጃ እንውረድ» አለችኝ።

ወረድን። ይቅር ብላኝ እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ እሷም አልነገረችኝም። ስድስተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ ያዘኝና ቆምኩ። ወደ ላይ ተመልሳ ከእኔ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ቆመችና፣ ፊቷን ሳታዞር፣ ትከሻዋን ሰጠችኝ። ያዝኩት። ከዚያ እስከ ታች እየቆጠረች ወሰደችኝ፤ ሃያ ዘጠኝ ስትደርስ፣ ሠላሳ አለች።