ማጣሪያው ሲከፈት

ካሴት በሲዲ እየተተካ በነበረበት ሰሞን፣ ሞላሌ ከተማ ቤት ተከራይቼ ለሠርግ ኪቦርድ እየተጫወትኩ እኖር ነበር። አንድ ቀን ጓደኛዬ የሰጠኝን አሮጌ ሲንተሳይዘር፣ በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር ኪቦርድ ነው፣ ለብቻው ከሚሰካ የድምፅ ማጣሪያ ጋር ለማገናኘት ከሰዓቱን ሙሉ ስታገል ዋልኩ። ማጣሪያው ትንሽ ሣጥን ነው፤ ድምፁን እንደ በር ገርበብ አድርጎ ያፍነዋል፣ ወይም ወለል አድርጎ ይለቀዋል። አንዱ ገመድ ድምፁን ያስገባለታል። ሌላው ድምፅ የለውም፤ ክፈት፣ ዝጋ የሚለውን ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚወስድለት። እኔ ሆዬ ይሄንን ሁለተኛውን የማይሆን ቀዳዳ ውስጥ ሰክቼው ኖሮ፣ ድምፁ ከግድግዳ ጀርባ እንደሚመጣ ታፍኖ ቀረ።

አከራዬ ጋሽ ዘውዴ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ድሮ ቄስ ነበሩ፤ ሚስታቸው ሞተው ልጆቹን የሚያሳድግ ሲጠፋ ሌላ አገቡ፣ ቅስናቸውም በዚያው ፈረሰ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ ረበሽኩዎት» አልኳቸው።

«ኧረ ለምጄዋለሁ፣ ልጄ። ቅዳሴውም ከመጋረጃው ውጭ ሆኜ ስሰማው እንዲሁ ነው።»

ገመዱን ነቀልኩና ሌላኛው ቀዳዳ ላይ ሰካሁት። ማጣሪያው ቀስ እያለ ተከፈተ፤ ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

ዞር ስል ጋሽ ዘውዴ ጫማቸውን አውልቀው ደጃፌ ላይ ቆመዋል።

«ይግቡ እንጂ» አልኳቸው።

አንድ እግራቸውን ወደ ውስጥ አነሱ። ከዚያ መልሰው ውጭ አሳረፉት።

«ዝጋው፣ ልጄ» አሉኝ፣ ማጣሪያውን እያዩ።