ከድንች ማሳ የወጣችው እባብ

እባብ ማሳደግ የፈለግሁት እኔ ነበርኩ። ይህን አስቀድሜ ካልተናገርኩ የቀረው ነገሬ አይገባም።

የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በተከፈተ ሰሞን እዚያው ከተማ አንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ቤት አብራኝ የተከራየችው ጓደኛዬ የዚያው ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ናት፤ የተወለደችው ከከተማው ብዙም በማይርቅ ገጠር፣ አገውኛ ከሚናገሩ ገበሬዎች ቤት ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ መምህራችን እጄ ላይ እባብ ካስቀመጠልኝ ቀን ጀምሮ የራሴ እንዲኖረኝ እመኝ ነበር። ኔትወርክ በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ አነብባለሁ። ለጀማሪ የሚሆነው መርዝ የሌለው፣ ጠባዩ የሰከነ፣ ብዙ የማያድግ፣ ምግቡም በቀላሉ የሚገኝ እባብ ነው። ያነበብኩት ሁሉ ወደ አንድ እባብ ይመራኝ ነበር፤ አይጥ እያደነ ጎተራ ለጎተራ ወደሚኖረው ቡናማ እባብ።

አከራያችንን ያግባባሁትም እኔ ነኝ። "እማማ፣ መርዝ የለውም፤ ሳጥኑም ይቆለፋል" ስላቸው ፊታቸውን አኮማትረው ቆዩና "እንግዲያው አንዱን ቁልፍ እኔ እይዛለሁ" አሉኝ። ሰጠኋቸው።

እባቡን አንድ የማውቀው ነጋዴ ከቻግኒ በታች ካለው ቆላ በቅርጫት ይዞልኝ መጣ። ቆዳው ዘይት የተቀባ ይመስል ነበር። አገላብጬ አየሁት፤ ራሱ ነው። ያን ቀን ከእኔ በላይ ደስተኛ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ጓደኛዬ ወላጆቿን ልትጠይቅ ስትሄድ ተከተልኳት። እናቷ ድንች ሲቆፍሩ ከአፈሩ ስር እንደ እርሳስ የቀጠነች አጭር እባብ ወጣች። እናቷ በአገውኛ ጮኸው ዶማውን አነሱ። ጓደኛዬ እጃቸውን ያዘችና ወደ እኔ ዞረች።

"ትነድፋለች?"

ቀረብ ብዬ አየኋት። "አትነድፍም። የምትበላው ቀንድ አውጣ ነው፣ መርዝም የላትም።"

ጎንበስ ብላ አነሳቻት። እባቧ ጣቷ ላይ ተጠመጠመች።

"እኔም ልውሰዳት እንዴ?" አለች እየሳቀች።

እኔ ለዓመታት ያሰብኩበትን ነገር እሷ ጭቃ በነካው እጇ፣ በአንድ ትንፋሽ ወሰነችው።

የእኔ እባብ አልበላ አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት። የቆላ ልጅ ነውና የእንጅባራ ብርድ አልቻለውም። በሃይላንድ ሙቅ ውሃ እየሞላሁ አጠገቡ አስቀምጥለት ነበር። አንድ ቀን ላወጣው ስሞክር አውራ ጣቴን ነከሰኝ። የእሷ ግን ዝናቡ አባርቶ ጓደኛዬ ከጎመኑ መደብ ዛጎል የሌለውን ቀንድ አውጣ ለቅማ በመጣች ቁጥር ራሷን ቀና አድርጋ ትጠብቃታለች። ኋላማ እማማ ራሳቸው በራችን ላይ ቆመው "እስቲ ያችን ትንሿን አውጫት፣ ልያት" ማለት ጀመሩ። የእኔን አንድ ቀን እንኳ "ልየው" ብለው አያውቁም። ይባስ ብሎ ርዕሰ መምህሩ ስለ እባብ ለሳይንስ ክበቡ እንድታስረዳ እሷን ጋበዛት። የሒሳብ መምህርቷን! በዚያ ሳምንት እራት አብሬያት መብላት ከበደኝ። ራሴን አሞኛል እያልኩ ቀድሜያት እተኛለሁ።

ከዚያ አጎቷ አረፉና ለለቅሶ ወደ ገጠር ሄደች። ስትወጣ "አደራሽን፣ በቀን ሁለት ቀንድ አውጣ ይበቃታል" አለችኝ። እንዳለችኝ አበላኋት። በሁለተኛው ቀን ግን ካርቶን ውስጥ አድርጌ ወደ ክፍል ይዣት ሄድኩ።

"ቲቸር፣ የማን ናት?" አለች ከፊት የተቀመጠች ተማሪ።

"የእኔ ናት።"

አፌን የሚይዘኝ አልነበረም። እንዴት እንደመረጥኳት፣ እንዴት እንዳለመድኳት ሁሉ ተረክሁላቸው። እያወራሁ ሳለ ካርቶኑን የከበቡት ተማሪዎች ጮኹ። እባቧ እየወለደች ነበር፤ የእሷ ዓይነት እባብ እንቁላል አይጥልም፣ ይወልዳል። ክር የሚያካክሉ ጥቁር ልጆች አንድ በአንድ ወጡ፤ ስምንት ሆኑ። እርጉዝ መሆኗን እኔ የባዮሎጂ መምህርቷ አላወቅሁም ነበር። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ ከኋላ አንዱ "ቲቸር፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ሲል ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። እኔም ሳቅሁ። በሕይወቴ እንደዚያ የተጨበጨበልኝ ጊዜ የለም።

ጓደኛዬ ስትመለስ ገና ከባጃጅ ሳትወርድ ተማሪዎች ነገሯት። ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"የአንቺ እባብ ወለደች አሉኝ" አለች።

"የእኔ ናት ብያቸው ነው።"

"ለምን?"

መዋሸት እችል ነበር፤ ደከመኝ። "ቀናሁብሽ" አልኳት።

ነጠላዋን አውልቃ አጣጠፈችው። ከለቅሶ የመጣች ሰው ናት፣ ዓይኗ አብጧል፤ እኔ ደግሞ ይህን ጨመርኩባት። በመጨረሻ "ብትጠይቂኝ እኮ እሰጥሽ ነበር" አለችኝ።

እንደምትሰጠኝ አውቅ ነበር። ያልጠየቅኳት ለዚሁ ነው።

በማግስቱ ክፍል ገብቼ እውነቱን ተናገርኩ። ተማሪዎቹ አልሳቁም፤ መሳቃቸው ይሻለኝ ነበር። የእኔን እባብ ለዚያው ነጋዴ መልሼ ሰጥቼው ወደ ቆላው ወሰደው፤ አይጥ ካለበት ጎተራ እንደለቀቀው ደውሎ ነገረኝ። ጓደኛዬ ከስምንቱ ሁለቱን ሰጠችኝ። አልወስድም ብል ሳጥኔ ውስጥ ራሷ አስገባቻቸው። አንዱ ሞተ፤ አንዱ ግን እየበላ አደገ፣ ወደ ዳንግላ ስዛወርም አብሮኝ ሄደ።

ቅናቱ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። በዓመቱ ደውላ "ከማሳው ወንድ አምጥቼላት እንደገና ወለደች፣ አሁን አሥር ናቸው!" ስትለኝ፣ "እሰይ" ከማለቴ በፊት የእኔ አንድ ብቻ መሆኑ ታወሰኝ። ከዚያ እሰይ አልኩ፤ ከልቤም ነበር።