ሳኒታይዘር የነካው ባጅ

በኮሮና ጊዜ ጀፕ ሰፈር ያለው ሱቄ የሚከፈተው ግማሽ ቀን ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዮቪል ሰፈር ቤቴ ቁጭ ብዬ የድሮ የምርጫ ባጆቼን አገላብጣለሁ። ደረት ላይ የሚሰካ፣ የተወዳዳሪው ፎቶ ያለበት ክብ ቆርቆሮ ነው። እንግሊዝኛ አላነብም፤ በእጄ ነው የምለየው። የድሮው መርፌው ወፍራም ነው፣ ጠርዙም ጥፍር ይይዛል። ተመሳስሎ የተሠራው ልሙጥ ነው።

ይህን ለጎረቤቴ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሆሳዕና ሰው ነው፣ ስፓዛ የሚሉት የመንደር ሱቅ ያለው፣ በዕድሜ ያንሰኛል። እሱ ግን ማንበብ ይችላል። ከባጁ ጀርባ የተለጠፈችውን ወረቀት አንብቦ የትኛው ማተሚያ ቤት፣ የትኛው ምርጫ እንደሆነ ይናገራል። ክሊፕታውን ሰፈር አሮጌ ዕቃ የሚሸጡት ሴትዮ፣ ያውም እኔ ያስተዋወቅኋቸው፣ ደህና ደህናውን ለእሱ ማስቀመጥ ጀመሩ።

አንድ ቀን ማስኩን እንዳደረገ መጣና መዳፉን ዘረጋ።

«ጋሼ፣ ይቺን በእጅዎ ይመስክሩልኝ።»

ጠርዙ ሰማያዊ፣ እዚህ አገር ጥቁሮች መምረጥ ሳይፈቀድላቸው በፊት የነበረ። ስንት ዓመት የፈለግሁት።

ያኔ ከውጭ የገባ ሁሉ ሳኒታይዘር ይነፋበታል፤ ጎመኑም፣ ቁልፉም። እኔም ነፋሁበት። አንዴ ይበቃ ነበር፤ ሦስቴ ነፋሁ። ጀርባውንም በጨርቅ አሸሁት። ወረቀቷ ተልጣ ጨርቁ ላይ ቀረች።

«በሽታውን ፈርቼ እኮ ነው» አልኩ።

«እሱስ ከነወረቀቱ ሄደ» አለ ሳቅ ብሎ። «በሉ እንግዲህ፣ የቀረን የእርስዎ እጅ ነው።»

ዳሰስኩት። መርፌው ወፍራም፣ ጠርዙ ጥፍሬን ያዘው።

«ተመሳስሎ የተሠራ ነው» አልኩት። ካመነኝ ንቆ ጥሎልኝ ይሄዳል ብዬ።

ስልኩን አወጣ። ለካ ክሊፕታውን ሳለ የወረቀቷን ፎቶ አንስቶ ኖሯል። አጉልቶ፣ የማተሚያ ቤቱንም ዓመተ ምሕረቱንም ቀስ እያለ አነበበልኝ። የድሮው ነው።

ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

«ብርዱ ነው ጋሼ» አለኝ። «ጣት ሲደነዝዝ ማንም ይሳሳታል።»

ማሞቂያው እግሬ ሥር ይነድ ነበር። እሱም ያየዋል። ባጁን ኪሱ ከቶ፣ ደህና ይዋሉ ብሎኝ ወጣ።

በባጁ ቀንቼበት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን የምቀናው ያቺን የብርድ ነገር ማለት በመቻሉ ነው። እኔ ብሆን አልላትም ነበር።